ለቡና ተባይ ማክሮ ፎቶ የትኛውን መብራት ልግዛ? ሪንግ፣ ትዊን ወይስ ተራ ፍላሽ?

ጅማ_ቡና

ሰላም ለሁላችሁ። ማክሮ፣ ማለት ጥቃቅን ነገር በጣም ቀርባችሁ የምታነሱ ካላችሁ እስቲ ምከሩኝ። ጅማ ነው ያለሁት፣ የቡና ተባይ ላይ ነው የምሰራው፣ አሁን ለገበሬዎች የሚታደል ባለ ፎቶ ወረቀት እያዘጋጀን ስለሆነ ተባዮቹን በደንብ የሚያሳይ ፎቶ ያስፈልገኛል። ከኢንተርኔት የሌላ አገር ፎቶ አውርጄ መለጠፍ አልፈልግም፣ ገበሬው ማሳው ላይ የሚያገኘውን ነፍሳት እኛው ቡና ላይ ተቀምጦ ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ካሜራዬ ካኖን 250ዲ ነው፣ ሌንሱ የካኖን 100 ሚሜ ማክሮ አሮጌው ኤል ያልሆነው። መብራት ደግሞ ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠም ክብ ኤልኢዲ አለኝ። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ አንቴስቲያ የሚባለውን የቡና ትኋን ቅጠል ላይ ሳነሳ ወይ ፎቶው ይንቀጠቀጥብኛል ወይ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ኃይል) 6400 ድረስ ስለምወጣ በጣም ይሻክራል፣ እሱን እንኳን ባልፈው ጀርባው ላይ የኤልኢዲው ክብ ነጭ ሆኖ ይታተምና የነጠብጣቦቹ ቀለም ይጠፋል። መለያው ደግሞ ቀለሙ ነው፣ ጥቁር ነጭና ብርቱካናማው ካልታየ ምኑን ለይቶ ይወስዳል ገበሬው። ሁለተኛው የቡና ፍሬ የሚቦረቡረው ጥንዚዛ ነው፣ እሱ 2 ሚሊ እንኳን አይሞላም፣ ፎቶው ላይ ነጥብ ነው የሚሆነው።

ብሬ ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚበቃው። ክቡን ሪንግ ፍላሽ ልግዛ፣ ባለ ሁለት ራሱን ትዊን ፍላሽ ልግዛ ወይስ ተራውን ካሜራ አናት ላይ የሚሰካውን? አንቴስቲያውን በህይወት እያለ ማሳ ላይ ነው የማነሳው፣ ጥንዚዛውን ግን ሞቶ ቢሮ ውስጥም ማንሳት እችላለሁ።

አባ_ጉንዳን

እህቴ ሪንግ ፍላሽ እንዳትገዢ። እሱን ብቻ በመጀመሪያ ልበልሽና ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

የሚያብረቀርቅ ጀርባ ያለው ነፍሳት ፊቱ ያለውን መብራት ቅርፁን ጠብቆ ነው መልሶ የሚያሳይሽ። ክብ ካበራሽበት ክብ ያሳይሻል፣ የአሁኑን ኤልኢዲ አውልቀሽ ሪንግ ፍላሽ ብትገጥሚ ያው ክብ ነው የሚመጣው፣ ያውም የበለጠ ደምቆ። ከዚያ ደግሞ መብራቱ ከሌንሱ ዙሪያ እኩል ስለሚመጣ ጥላ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ጥላ ከሌለ የእግሩ አቀማመጥ የጀርባው ጉብታ ሁሉ ተለጥጦ እንደ ወረቀት ይሆናል። ሪንግ ፍላሽ የጥርስ ሀኪሞች የሚወዱት አፍ ውስጥ ጥላ ስለማይፈልጉ ነው፣ ያንቺ ስራ ሌላ ነው።

ኤልኢዲው የማይበቃሽ ምክንያት ደግሞ ይሄ ነው። ማክሮ ላይ ስትቀርቢ ሌንሱ ብርሃን ይበላል። 1 ለ 1 ላይ፣ ነፍሳቱ ሴንሰሩ ላይ በራሱ መጠን ሲያርፍ ማለት ነው፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ኤፍ 11 ብለሽ ብታስቀምጪ ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰው የኤፍ 22 ያህል ነው፣ ሁለት ስቶፕ ሄደ፣ ብርሃኑ ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። አፐርቸሩን ከፍተሽ እንዳታካክሺው ደግሞ ፎከስ የሚሆነው ውፍረት ኤፍ 11 ላይ ራሱ ወደ 0.8 ሚሊ ብቻ ነው፣ ብትከፍቺው ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ብርሃኑን መጨመር ነው መፍትሄው፣ ትንሽ ኤልኢዲ ደግሞ ያን ያህል ጉልበት የለውም። ፍላሽ ግን ብርሃኑን በአጭር ብልጭታ ነው የሚያወጣው፣ ጎዶክስ ቲቲ600 ለምሳሌ ሙሉ ኃይል ላይ ወደ 1/300 ሰከንድ ይቆያል፣ ኃይሉን እየቀነስሽ ስትሄጂ እያጠረ ዝቅተኛው ላይ 1/20000 ይደርሳል። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ፣ ቅጠሉን ንፋስ ቢያወዛውዘው፣ ያቺ ብልጭታ ቆርጣ ታስቀረዋለች።

ስለዚህ የኔ ምክር ተራ ፍላሽ ግዢና ብርሃኑን የሚያለሰልሰውን ዲፊውዘር ራስሽ ስሪ። ትዊን ፍላሹ ጥሩ ዕቃ አይደለም አልልም፣ የካኖኑ ኤምቲ26 በጣም ቆንጆ ነው፣ ጎዶክስም ኤምኤፍ12 የሚባል አለው፣ ግን እነሱም ቢሆኑ ዲፊውዘር ካልለበሱ ክቡ ቀርቶ ሁለት ነጭ ነጥብ ነው የሚሰጡሽ። ዲፊውዘር መስራትሽ ካልቀረ ርካሹ ላይ ስሪው።

ዋናው ነገር ከጥንዚዛዋ አይን ሲታይ መብራቱ ስንት ያህል ትልቅ ነው የሚለው ነው። አንድ መዳፍ የሚያህል ነጭ ጨርቅ ከነፍሳቱ 5 ሳንቲም ላይ ካለ ለሷ ሰማይ ማለት ነው፣ ያው ጨርቅ 50 ሳንቲም ርቆ ካለ ደግሞ ትንሽ አምፖል ነው። ስለዚህ ዲፊውዘሩ ካሜራው አናት ላይ ሳይሆን የሌንሱን ጫፍ አልፎ ወደ ፊት መውጣት አለበት።

አሰራሩን ልንገርሽ። ከካርቶን ጠባቡ ፍላሹ ራስ ላይ የሚገባ፣ ሰፊው ወደ ፊት የሚሄድ ሳጥን ትሰሪያለሽ፣ ውስጡን በኩሽና ፎይል ትለብጪዋለሽ፣ የሚከፈተውን አፍ ደግሞ አዲስ ቲቪ ምናምን ሲገዛ ተጠቅልሎበት በሚመጣው ስስ ነጭ ፎም ወይ አርክቴክቶች በሚስሉበት ትሬሲንግ ወረቀት ትሸፍኚዋለሽ፣ አፉን ወደ ታች አጠፍ አድርጊው ሌንሱ ጫፍ ላይ እንደ ቆብ ግንባር እንዲያጠላ። አንድ ንብርብር አይበቃም፣ ሁለት አድርጊና በመካከላቸው ጣት የሚያህል ክፍተት ተይ፣ ክፍተቱ ነው ብርሃኑን የሚዘረጋው፣ ከተጣበቁ አንድ ወፍራም ወረቀት እንደማለት ነው። ስትጨርሺ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቁልፍ ወይ የብረት ማንኪያ ጀርባ አንሺበት። ነጩ ነጸብራቅ መሃሉ ላይ ብቻ የደመቀ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ቁራጭ ጨምሪ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል እስኪሆን ድረስ። ነፍሳት ላይ ከመሞከርሽ በፊት ይሄን ካላደረግሽ ችግሩ ከየት እንደመጣ አታውቂውም።

ሴቲንግ፣ ካሜራው ማኑዋል፣ 1/200፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 200፣ ፍላሹም ማኑዋል 1/16 ላይ ጀምሪና ፎቶውን አይተሽ ከፍ ዝቅ አድርጊ። ርቀቱ ስለማይቀያየር አንዴ ካገኘሽው ቀኑን ሙሉ አትነኪውም።

ኦፓል_ፒያሳ

እኔ ነፍሳት ሳይሆን ድንጋይ ነው የማነሳው፣ የወሎ ኦፓል፣ ደላንታ ወገል ጤና አካባቢ እንደ ፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ የሚወጣውን። አባ ጉንዳን ያሉት ለሚያብረቀርቅ ጥንዚዛ ልክ ነው፣ ግን እህቴ ትልቅ ዲፊውዘር ለሁሉም ነገር ይሆናል ብለሽ እንዳትወስጂው እፈራለሁ። ኦፓልን ለስላሳ ሰፊ ብርሃን ውስጥ ብታስቀምጪው ያ የሚጫወተው ቀለም ሙትት ነው የሚለው፣ ነጭ ጠጠር ይመስላል። ቀለሙ የሚወጣው ውስጡ በስርዓት የተደረደሩት ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች ብርሃኑን ሲበታትኑት ነውና ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ፣ ከትንሽ ምንጭ መምጣት አለበት። እኔ ጥቁር ነገር ላይ አስቀምጬው አንድ ትንሽ ኤልኢዲ በጎን በኩል ይዤ እያዞርኩ ቀይና አረንጓዴው ብልጭ የሚልበትን ማዕዘን ነው የምፈልገው። ፍላሽ ለዚህ አይመቸኝም ምክንያቱም ከማንሳቴ በፊት ቀለሙን በአይኔ ማየት አለብኝ። ድሮ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሃሎጅን ደግሞ ይሞቃል፣ የኛ ኦፓል ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ስለሆነ ሙቀት እንዳያደርቀውና እንዳይሰነጥቀው ፈጽሞ አላቀርብበትም።

ይሄን ለምን አወራሁ፣ አንቺም ጋ ጠንካራ መብራት የሚፈልግ ነገር አለ። ጥንዚዛዋ ፍሬው ውስጥ የምትገባበት ቀዳዳ አለ አይደል፣ ጫፉ እምብርቱ አካባቢ ያለው። ገበሬው መጀመሪያ የሚያየው ጥንዚዛዋን ሳይሆን ቀዳዳውን ይመስለኛል። እሱን ከላይ በሰፊ ዲፊውዘር ብታነሺው ቀዳዳው ትንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ ከቆሻሻም አይለይም። መብራቱን ወደ ጎን አውርደሽ ፍሬው ላይ እያሻሸ እንዲያልፍ ብታደርጊው ግን የቀዳዳው ጠርዝ ጥላ ይጥልና ጥልቀቱ ይታያል። በሌላኛው ጎን ነጭ ወረቀት አቁሚ ጥላው ድቅድቅ እንዳይል።

አባ_ጉንዳን

የፍሬው ነገር ትክክል ነሽ፣ ቀዳዳ በጎን መብራት ነው። እኔም ለቅጠል ፀጉርና ለእንቁላል ቅርፊት ዲፊውዘሩን አውጥቼ ነው የማነሳው። ለአንቴስቲያው ጀርባ ግን ከሰፊው ብርሃን አልወርድም።

ጅማ_ቡና

ሁለታችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ቀዳዳውን ለብቻ ማንሳት ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ፎቶ እሱ መሆን አለበት አሁን ሳስበው፣ ገበሬው ጥንዚዛዋን የሚያያት ፍሬውን ሲሰነጥቅ ብቻ ነውና።

እዚህ አንድ ልጅ ያገለገለ ጎዶክስ ቲቲ600 የሚሸጥ አለው፣ ንጹህ ነው ይላል። ልውሰደው? ሌላው ደግሞ ፍላሽ ሳነሳ ከነፍሳቱ ጀርባ ያለው ሁሉ ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ ሌሊት ይመስላል፣ አንዴ ተውሼ ሞክሬ እንደዛ ነው የሆነብኝ፣ እሱስ እንዴት ይስተካከላል?

ባለካሜራ_ሲልቨርስፕሪንግ

እህቴ ብሩን ከመክፈልሽ በፊት ቆይ! 250ዲ ብለሻል አይደል፣ የካሜራሽን አናት ፍላሹ የሚሰካበትን ብረት እዪው። መሃል ላይ ትልቁ ክብ ፒን የለም። ካኖን ከ250ዲ፣ ከ2000ዲ እና ከ4000ዲ ላይ ያንን የመሃል ፒን አውጥቶታል። ቲቲ600 ደግሞ የሚተኮሰው በዚያች ፒን ብቻ ነው፣ ካሜራሽ ላይ ብትሰኪው ዝም ይልሻል። ፍላሹ ተበላሽቷል ብለሽ ከልጁ ጋ ትጣያለሽ፣ ልጁም ሌላ ካሜራ ላይ ሰክቶ ይሰራል ይልሻል፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ለካኖን ቲቲኤል (ካሜራው ራሱ የፍላሹን ኃይል የሚለካበት) የተሰራውን መግዛት፣ ጎዶክስ ቲቲ685 መጨረሻው ላይ ሲ ያለበትን፣ እሱ በትናንሾቹ ፒኖች ነው ከካሜራው ጋር የሚነጋገረው። ያገለገለ ከሆነ ግን እዚያው ካሜራሽ ላይ ሰክተሽ ሳይተኮስ አትክፈዪ፣ አሮጌ ፈርምዌር (የፍላሹ የውስጥ ሶፍትዌር) ያለው ሊያስቸግር ይችላልና። ሁለተኛው ቲቲ600ውን ወስደሽ ኤስ2 በሚባለው ሞድ ላይ ማድረግ ነው፣ የካሜራሽ የራሱ ፍላሽ ብልጭ ሲል አይቶ እሱም ይተኩሳል፣ ኤስ2 የመጀመሪያዋን የመለኪያ ብልጭታ ዘሎ ዋናውን ነው የሚጠብቀው። ቢሮ ውስጥ በደንብ ይሰራል፣ ማሳ ላይ ጸሐይ ሲበረታ ግን አንዳንዴ አያየውም፣ ፍላሹንም በእጅ ወይ በብራኬት መያዝ ይኖርብሻል። ዋናው ስራሽ ማሳ ላይ ስለሆነ እኔ ብሆን 685ቱን ነው የምፈልገው።

የጥቁሩ ነገር የርቀት ጉዳይ ነው። መብራቱ ከነፍሳቱ 15 ሳንቲም ላይ ካለ፣ ከኋላ ያለው ቅጠል ከመብራቱ 60 ሳንቲም ከሆነ፣ ርቀቱ 4 እጥፍ ነው ብርሃኑ ግን 16 እጥፍ ነው የሚያንሰው። ስለዚህ ከኋላው በቅርብ የቡና ቅጠል እንዲኖር አድርጊ፣ በመቆንጠጫ ይዘሽ ብታስጠጊውም ማንም አይጠይቅሽም፣ ወይም ደግሞ አይኤስኦውን ወደ 400 ወይ 800 ከፍ አድርገሽ የፍላሹን ኃይል ቀንሺ፣ ያኔ የቀኑ ብርሃንም ከኋላ ይገባል። ሹተሩን ከ1/200 ወደ 1/100 ብታወርጂው ደግሞ የበለጠ ይገባል፣ ግን ጸሐይ ያረፈበት ቦታ ላይ ከሆነ ነፍሳቱ ራሱ ድርብ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል ጥላ ስር ብቻ ነው እንደዛ የማደርገው።

ባትሪውን በተመለከተ ተራውን ድንጋይ ትተሽ ሪቻርጀብል ድንጋይ ተጠቀሚ፣ ፍላሹ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ከዚህ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለሽም አስልኪ፣ ድንጋይ የሚበላ ፍላሽ ለመንገደኛም አያስቸግርም፣ ሊቲየም ባትሪ ያለው ከሆነ ግን ትርፍ ባትሪው በእጅ ሻንጣ ነው መያዝ ያለበት ንገሪያቸው።

ጠጋኙ_መርካቶ

ስለ ነጸብራቅ ካወራችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዲፊውዘር አድርጋም አንቴስቲያው ጀርባ ላይ ትንሽ የነጣ ነገር መቅረቱ አይቀርም። ፖላራይዘር ተጠቀሚ። ሌንሱ ላይ የሚዞር ሲፒኤል ፊልተር፣ ፍላሹ ፊት ደግሞ ፖላራይዘር ፊልም። ፊልሙን ሞባይል ስክሪን ከሚጠግኑ ልጆች ታገኚዋለሽ፣ የኤልሲዲ ስክሪን ላይ የሚለጠፈው እሱ ነው። ፊልሙ ዲፊውዘሩ ውጭ በመጨረሻ መሆን አለበት፣ ውስጥ ካደረግሽው ነጩ ጨርቅ መልሶ ያበላሸዋል። ከዚያ ሲፒኤሉን ስታዞሪው የሆነ ቦታ ላይ ነጸብራቁ ጥርግ ብሎ ይጠፋል፣ ቀለሙ ከስር ይወጣል። ብርሃን ብዙ ይበላል ፍላሹን ወደ 1/4 አካባቢ ማሳደግ ሊኖርብሽ ነው። እና ሙሉ በሙሉ አታጥፊው፣ ትንሽ ነጸብራቅ ካልቀረ ነፍሳቱ ፕላስቲክ ይመስላል።

ጅማ_ቡና

ጋሼ ይሄ የፖላራይዘሩ ነገር ለቀለሙ ትልቅ መፍትሄ ይመስለኛል፣ አመሰግናለሁ። 250ዲው ላይም አየሁ፣ እውነትም የመሃል ፒኑ የለም፣ ቲቲ600ውን ተውኩት፣ ለካኖን የሚሆነውን 685 ነው የምፈልገው።

አሁን የቀረኝ ትንሿ ጥንዚዛ ናት። እሷን ማን ያግዘኝ?

አባ_ጉንዳን

እሷ ላይ መብራቱ ብቻ አይበቃም ማጉላቱም ያስፈልጋል። የካሜራሽ ሴንሰር ስፋቱ 22.3 ሚሊ ነው፣ 1 ለ 1 ላይ 1.6 ሚሊ የሆነች ጥንዚዛ ከፎቶው ወርድ 7 በመቶ እንኳን ብዙም አታልፍም። ሬይኖክስ ዲሲአር250 የሚባል ሌንሱ ፊት ቅንጥብ የሚል መነጽር አለ፣ ካለሽ 100 ሚሜ ጋር ወደ 2 እጥፍ ይወስድሻል። ከካኖኑ ኤምፒኢ 65 ጋር አይወዳደርም፣ እሱ እስከ 5 እጥፍ ይሄዳል፣ ግን 5 እጥፍ ላይ ከነፍሳቱ 4 ሳንቲም ነው የሚርቀው መብራት የምታስገቢበት ቦታ ራሱ ይጠብሻል፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

2 እጥፍ ላይ ኤፍ 11 ብትጠቀሚ ፎቶው ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ኤፍ 5.6 አድርጊው። ያኔ ደግሞ ፎከሱ ከ0.2 ሚሊ በታች ነው የሚሆነው፣ የግድ ፎከሱን ትንሽ ትንሽ እያዛወርሽ ብዙ ፎቶ አንስተሽ በኮምፒውተር መደራረብ አለብሽ። የሞተች ስለሆነች ይቻላል።

ባለካሜራ_ሲልቨርስፕሪንግ

ለመደራረቡ ውድ ስላይደር መግዛት አያስፈልጋትም፣ መስሪያ ቤቷ የተጣለ ማይክሮስኮፕ አይጠፋም። ካሜራውን ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ አስሪው፣ ጥንዚዛዋን ማይክሮስኮፑ ጠረጴዛ ላይ አድርጊና በጥቃቅኑ ማዞሪያ ከ0.1 ሚሊ ትንሽ ባነሰ እርምጃ እያነሳሽ እያንዳንዱን አንሺ። አሮጌዎቹ ላይ የሚንቀሳቀሰው ጠረጴዛው ሳይሆን ቱቦው ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ እዪው። 1 ሚሊ ለመሸፈን 12 ወይ 15 ፎቶ ይበቃል። ዜሪን ስታከር ወይ ሄሊኮን ፎከስ ይደራርበዋል፣ ነጻ ከፈለግሽ ኮምባይንዜድፒ አለ።

እዚህ ላይ ያ ክቡ ኤልኢዲሽ ስራ ያገኛል፣ ወደ ጎን አቁሚውና በትሬሲንግ ወረቀት ጥንዚዛዋን ዙሪያዋን ክበቢያት፣ ሹተሩ የፈለገውን ያህል ቢረዝም የሞተች ናት። ኤሌክትሪክ ላይ የሚሰካ ርካሽ አምፖል ከተጠቀምሽ ግን ሹተሩን 1/50 ሰከንድ ወይ ከዚያ የረዘመ አድርጊው፣ የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ሊርገበገብ ይችላል፣ ፈጣን ሹተር ላይ አንዱ ፎቶ ደምቆ አንዱ ጠቁሮ ይወጣና ሶፍትዌሩ ይደናገራል። ፎቅ ላይ ከሆንሽ ወለሉም ሰው ሲራመድ ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ ክፍሉን አጨልመሽ በፍላሽ ማንሳት ነው የሚሻለው።

ኦፓል_ፒያሳ

አንድ ነገር ብቻ፣ ከመጀመርሽ በፊት ግራጫ ካርድ አንዴ አንሺና ነጩን በሱ አስተካክዪ። ትሬሲንግ ወረቀቱም ፎሙም የየራሳቸው ቀለም አላቸው፣ የአንቴስቲያው ብርቱካናማ ወደ ቢጫ ከሄደ ወረቀቱ ላይ ሲታተም የበለጠ ይሄዳል።

ጅማ_ቡና

ማይክሮስኮፑ አለ፣ ዛሬ ጠይቄ ከስቶር አወጡልኝ፣ ጠረጴዛው ነው የሚንቀሳቀሰው። ፍላሹ እስኪገኝ ጥንዚዛዋን በኤልኢዲው እጀምራታለሁ፣ አንቴስቲያውን ዝናቡ ሳይጠነክር ማሳ ላይ እወጣበታለሁ። ፎቶዎቹን እዚሁ እለጥፋለሁ።

አባ_ጉንዳን

ስትለጥፊ ሴቲንጉንና የዲፊውዘሩንም ፎቶ አብረሽ አድርጊ፣ ነጸብራቁን አይተን የት ጋ ንብርብር እንደሚጎድል እንነግርሻለን።